«ማር ነው ብዬ የሸጥኩት መድኃኒት ሆኖ ተገኘ»፦ አላውቅም ነበር ማለት ከሕግ ያድናል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ቡናና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የምሸጥበት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ገደማ አንድ አከፋፋይ ከቨርጂኒያ በመኪናው እያመጣ በወርቃማ ወረቀት የታሸገ «የወንዶች ማር» ያስረክበኝ ነበር። ካርቶኑ ላይ ማርና ዕፅዋት ብቻ እንዳለበት ተጽፏል። እኔም ካርቶኑን ከፍቼ እሽጎቹን በብርጭቆ ዕቃ አድርጌ ሒሳብ መቀበያው አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ በወረቀት ቁራጭ ላይ «ለጉልበት» ብዬ ጽፌም ለጥፌበታለሁ። ከአንድ ወር በፊት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መጥቶ ናሙና ወሰደ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማሩ ውስጥ ሲልደናፊል የሚባል መድኃኒት መገኘቱን የሚገልጽና በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንድሰጥ የሚጠይቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አከፋፋዩ ጋ ስደውል «የቀረውን ጣይው፣ ደረሰኙንም ቅደጂው፣ ስሜን እንዳታነሺ» አለኝ። ጓዳ ውስጥ ሦስት ካርቶን አለ። አንድ ደንበኛዬ በልቶት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ እንደነበርም ሰምቻለሁ። እኔ መድኃኒት እንዳለበት አላውቅም ነበር። እከሰሳለሁ? የዜግነት ማመልከቻዬስ ይበላሻል? ሬድ 3 የሚባለው የከረሜላ ቀለምም ታግዷል ሲባል ሰምቻለሁና መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ከረሜላ ላስወግደው? የደረሰኙን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣

መልሴን አከፋፋዩ ከነገረዎት ነገር ልጀምር፤ ዛሬ ማታ ሊፈጸም የሚችለው ስህተት ያለው እዚያ ነው። ያለዎትን አያድርጉ። ደረሰኙን አይቅደዱ፣ ከሰውዬው ጋር የተላላኳቸውን የስልክ መልእክቶች አያጥፉ፣ ጓዳ ያሉትን ሦስት ካርቶኖችም በጨለማ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይውሰዱ። በፌዴራል የወንጀል ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያካሂደውን ምርመራ ለማደናቀፍ አስቦ ሰነድ ያጠፋ ወይም የለወጠ ሰው እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ለተቆጣጣሪ በመሠረታዊ ነገር ላይ እያወቁ ሐሰት መናገርም ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ማሩን ባለማወቅ በመሸጥዎ ሊደርስብዎት የሚችለው፣ ቀጥሎ እንደማብራራው፣ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አከፋፋዩ የመከረዎት ራሱ የሚያመልጥበትን መንገድ ነው። ሕጉ ለእርስዎ ያዘጋጀው ዋነኛ መከለያ ግን የተመሠረተው እሱ «ቅደጂው» ባለዎት በዚያው ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ዕቃው ለምን እንደተከለከለ ላስረዳ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሲልደናፊል ቪያግራ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው መድኃኒት ዋና ንጥረ ነገር ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው በ1998 ሲሆን የሚሸጠውም በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው። የፌዴራሉ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ አስቀድሞ በመድኃኒትነት የተፈቀደን ንጥረ ነገር በኋላ የምግብ ማሟያ፣ በተለምዶ ሰፕልመንት የሚባለው፣ ነው ብሎ መሸጥን አይፈቅድም፤ የተፈቀደ መድኃኒት የተጨመረበትን ምግብ ወደ ንግድ ማስገባትንም በተለየ ድንጋጌ ይከለክላል። ስለዚህ በወርቃማው ወረቀት ውስጥ ያለው ነገር በሕጉ አነጋገር ያልተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ገላጭ ጽሑፉም ውስጡ ያለውን ስለደበቀ ሐሰተኛ ነው። ይህ በእርስዎ ሱቅ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኤፍዲኤ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጁላይ 2022 ይህንኑ ዓይነት ማር የሚሸጡ 4 ኩባንያዎችን በይፋ አስጠንቅቋል። ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ያልተገለጸ መድኃኒት ያገኘባቸው ሰፕልመንቶች 776 እንደነበሩ የራሱን መዝገብ የመረመረ ጥናት አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉ ለወንዶች «ጉልበት» የሚሸጡ ነበሩ፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ ክብደት ይቀንሳሉ ወይም ጡንቻ ያዳብራሉ የሚባሉ ናቸው።

እገዳው የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት አንድ ነገር ልጨምር። ሲልደናፊል የደም ሥርን ያሰፋል። የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደረታቸውን ሲያማቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉት ናይትሮግሊሰሪንም እንዲሁ የደም ሥርን ያሰፋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ የደም ግፊት ለሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሐኪም ሲልደናፊል ከማዘዙ በፊት «የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከሱቅዎ ማር የሚገዛውን፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን፣ ስድሳ ዓመት ያለፈውን አባት ግን የሚጠይቀው የለም፤ እሱም የበላው ማር ስለሆነ ለሐኪሙ አይናገርም። ማር በእኛ ዘንድ ለአራስ፣ ለታመመና ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ፣ ማንም የማይጠረጥረው ምግብ ነው። መድኃኒትን በማር ውስጥ መደበቅ፣ በእኔ እምነት፣ በክኒን ውስጥ ከመደበቅ የከፋ ነው፤ ክኒን የሚውጥ ሰው ቢያንስ መድኃኒት እንደዋጠ ያውቃል።

ይህን ያህል አደገኛ ከሆነ መንግሥት ሱቄ ሳይደርስ ለምን አላስቆመውም ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ኃላፊነቱ ለምን በእርስዎ ላይ ሊያርፍ እንደቻለ ያስረዳል። በ1937 አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በሽሮፕ መልክ ለማዘጋጀት ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል መርዛማ ፈሳሽ አሟሙቶ በመሸጡ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ፣ በ1938፣ የወጣው ሕግ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ጉዳት የማያስከትል መሆኑ እንዲረጋገጥ አስገደደ፤ በ1962 ደግሞ ፈዋሽነቱም እንዲረጋገጥ ተጨመረ። በ1994 በወጣው ሕግ ሰፕልመንቶች ግን ከዚህ ቅድመ ፈቃድ ውጭ ሆኑ። አምራቹ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሸጣል፤ ዕቃው አደገኛ ነው የሚለውን የማስረዳት ሸክም የሚሸከመው መንግሥት ነው፤ መንግሥት የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ይህ ሸክም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በኤፌድራ ታሪክ ታይቷል። ኤፌድራ ክብደት ለመቀነስና ለስፖርት ብርታት ይሸጥ የነበረ ዕፅ ሲሆን ልብን የሚያጣድፍና የደም ግፊትን የሚያንር ንጥረ ነገር ነበረው። በፌብሩዋሪ 2003 የባልቲሞር ኦርዮልስ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤክለር በ23 ዓመቱ በልምምድ ላይ ወድቆ ሲሞት ከኤፌድራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተነገረ፤ የእናንተ አካባቢ ሰዎች ያስታውሱት ይሆናል። ኤፍዲኤ እገዳውን በፌብሩዋሪ 2004 አውጥቶ በኤፕሪል ሥራ ላይ አዋለ። በሰፕልመንት ላይ የተጣለ የመጀመሪያው እገዳ ይህ ነበር። አንድ አምራች ዩታ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከስሶ በ2005 አሸነፈ፤ እገዳው በይግባኝ የጸናው በ2006 ነው። የኤፌድራ ሻጭ ቢያንስ የሚሸጠው ኤፌድራ መሆኑን በገላጭ ጽሑፉ ላይ ጽፎ ነበር። በእርስዎ ማር ላይ መንግሥት አዲስ እገዳ ማውጣትም ሆነ እንዲህ ያለ ረጅም ክርክር ማድረግ አያስፈልገውም፤ የላቦራቶሪ ውጤቱና ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥሰቱ ተረጋግጧል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። «አላውቅም ነበር» የሚለው መልስ በብዙ የወንጀል ጉዳዮች ሙሉ መከላከያ ነው፤ በዚህ ሕግ ግን አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ዶተርዋይክ በተባለ የመድኃኒት ነጋዴ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከሁለት አንዱ የግድ መጎዳቱ ካልቀረ ጫናው መመርመርና መጠየቅ በማይችለው ሸማች ላይ ከሚሆን ይልቅ ቢያንስ የመመርመር ዕድል ባለው ነጋዴ ላይ እንዲሆን ሕግ አውጪው መምረጡን አስረድቷል። በ1975 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት አክሚ የተባለው ትልቅ የሸቀጥ ኩባንያ ባልቲሞር በነበረው መጋዘን ውስጥ አይጥ በመገኘቱ ቢሮው ፊላደልፊያ የነበረው የኩባንያው ፕሬዚዳንት ፓርክ በግሉ ጥፋተኛ መባሉን አጽንቷል። ፓርክ የተቀጣው በእያንዳንዱ ክስ 50 ዶላር፣ በጠቅላላው 250 ዶላር ብቻ ነው። ነገር ግን 36 ሺህ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ኃላፊ ሩቅ ባለ መጋዘን ለተፈጠረው ነገር በወንጀል ከተጠየቀ፣ የራሷን መደርደሪያ በየቀኑ የምታጸዳ ባለሱቅ «አላየሁም» ብትል ፍርድ ቤት ይቀበለኛል ብላ ልትተማመን አትችልም።

የእርስዎን ሁኔታ ይበልጥ የሚመስለው ግን በ1948 የተወሰነው የሰሊቫን ጉዳይ ነው። ሰሊቫን ጆርጂያ ውስጥ ኮሎምበስ በምትባል ከተማ አነስተኛ መድኃኒት ቤት የነበረው ሰው ነው። ከቺካጎ ወደ አትላንታ፣ ከአትላንታም ወደ እሱ ከመጣ 1,000 ክኒን ከያዘ ጠርሙስ ውስጥ 12 ክኒን ቆጥሮ በትንሽ ሣጥን አድርጎ ሸጠ፤ በትልቁ ጠርሙስ ላይ የነበረው የአወሳሰድ መመሪያና ማስጠንቀቂያ በትንሹ ሣጥን ላይ አልነበረም። ዕቃው ከቺካጎ ከወጣ ብዙ ወራት አልፈዋል፣ እኔም የሰፈር ቸርቻሪ ነኝ ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ሸማቹ እጅ እስኪደርስ ድረስ ዕቃውን እንደሚከተለው ወሰነ። እርስዎም ካርቶኑን ከፍተው እሽጎቹን አንድ በአንድ ሸጠዋል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ሙሉ ገላጭ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ባላየሁት ዕቃ ላይ መፍረድ አልችልምና፣ አንዱን እሽግ ከካርቶኑ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው በሁለቱም በኩል ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። «ለጉልበት» የሚለው የእጅ ጽሑፍዎ ደግሞ ዕቃውን የሰውነትን አሠራር ለመለወጥ ብለው እንደሸጡት የሚያሳይ የራስዎ ማስረጃ ነው። አሁኑኑ ያንሱት፤ ግን አይጣሉት፣ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡት።

ባለማወቅ ለተፈጸመ የመጀመሪያ ጥሰት የተደነገገው ቅጣት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። ለማጭበርበር ወይም ለማሳሳት ታስቦ የተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም ሰውዬው ከዚህ ቀደም በዚሁ ሕግ ተፈርዶበት ከነበረ፣ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ዕቃው ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት መሻገሩን ሕጉ ራሱ ስለሚገምት «እዚሁ ሰፈር ነው የገዛሁት» የሚለው ክርክርም ብዙ አያራምድም፤ የእርስዎ ዕቃ ደግሞ ከቨርጂኒያ መምጣቱን ራስዎ ገልጸዋል።

እስካሁን የጻፍኩት ያስፈራዎት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ይኸው ሕግ ለቅን ነጋዴ በር ትቷል፤ አንባቢዎቼ ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውሱ ይህንን እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ። ዕቃውን ከሌላ ክፍለ ግዛት በንግድ ተረክቦ በቅን ልቦና የሸጠ ሰው፣ ተቆጣጣሪው በጠየቀው ጊዜ ዕቃውን የሸጠለትን ሰው ስምና አድራሻ እንዲሁም ስለ ርክክቡ ያሉትን ሰነዶች ቅጂ ለመስጠት እምቢ እስካላለ ድረስ፣ ቀደም ሲል የጠቀስኩት የ1 ዓመት ቅጣት አይደርስበትም። አከፋፋዩ «ስሜን እንዳታነሺ» ሲል የጠየቀዎት ይህን መከላከያ ለእሱ ብለው እንዲጥሉት ነው። ወዳጅ ወይም የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን ትተዋወቁ ይሆናል። ይሉኝታ ይዞዎት ዝም ቢሉ ግን የእሱን ክስ ወደ ራስዎ ማዞርዎ ነው።

የላኩልኝን የደረሰኝ ፎቶ አይቻለሁ። በካርቦን የተገለበጠ ቅጠል ሲሆን «ማር 2 ካርቶን» የሚል የእጅ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያ ስምና የስልክ ቁጥር ብቻ አለበት፤ አድራሻ የለውም። ይህ ደካማ ደረሰኝ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቅዎት ግን ያለዎትን ሳይደብቁ እንዲሰጡ ነው። ስለዚህ ሌላውን ይፈልጉ። ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ከፍለው ከሆነ የባንክዎ መዝገብ የተቀባዩን ስምና እያንዳንዱን ቀን ያሳያል። የስልክ መልእክቶቹን ከነቀናቸው በፎቶ ያስቀሩ። ካርቶኖቹ ላይ የአምራች ወይም የአስመጪ ስምና የምርት መለያ ቁጥር ካለ ይመዝግቡት። የሱቅዎ ካሜራ ርክክቡን ቀድቶ ከሆነ ቀረጻው በራሱ ጊዜ ከመሰረዙ በፊት ይገልብጡት። ከብዙ ባለሱቆች ጋር ተቀምጬ ያየሁት፣ እውነቱ እያለ ወረቀቱ ስለጠፋ ብቻ ቅን ልቦናቸውን ማስረዳት ያቃታቸው ሰዎች መኖራቸውን ነው።

የዚህ መከላከያ ወሰንም ግልጽ ይሁንልዎት። ቅን ልቦናዎ የሚቆየው ደብዳቤው እጅዎ እስከገባበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት እሽግ ብትሸጥ፣ በእርስዎም ሆነ በሱቁ ልጅ እጅ፣ አላውቅም ነበር ማለት አይቻልም። መከላከያው መንግሥት ዕቃውን በፍርድ ቤት ከመያዝ ወይም የእግድ ትዕዛዝ ከመጠየቅ አያግደውም፤ ሰሊቫን እንዳደረገው ዕቃውን እጅዎ ላይ እያለ ያለ ገላጭ ጽሑፍ በመበታተን የሚመጣውንም ክስ አይሸፍንም። የእሽጉንና የካርቶኑን ፎቶ የጠየቅኩዎት ለዚህ ነው።

ካርቶኖቹን ቆጥረው፣ ፎቶ አንስተው፣ በሌላ ሣጥን አሽገው «አይሸጥም» ብለው ጽፈው ከሚሸጡት ዕቃ ለይተው ያስቀምጡ። ለአከፋፋዩ አይመልሱለት። ብዙ ነጋዴ ዕቃ መመለስን እንደ ንጽሕና ይቆጥረዋል፤ የተከለከለ ዕቃን ወደ ቨርጂኒያ መላክ ግን እንደገና ወደ ንግድ ማስገባት ተብሎ ሊያስጠይቅዎት ይችላል፤ እሱም ለሌላ ሱቅ ይሸጠዋል። በመልስ ደብዳቤው ላይ ስንት እሽግ እንደቀረ ገልጸን፣ በተቆጣጣሪው ፊት ወይም በሚሰጠው መመሪያ መሠረት እንዲወገድ እንጠይቃለን። ደብዳቤው ሽያጩ የቆመበትን ቀን፣ ዕቃው ከማን እንደመጣ፣ ወደፊት ተመሳሳይ ዕቃ እንዳይገባ ምን እንዳደረጉ በአጭሩ ይናገር፤ ስለ ታመመው ደንበኛና ስለ ሽያጩ ብዛት ግን ያለ ጠበቃ ምንም አይጻፉ። ዝም የማለት መብት አለዎት፤ የመዋሸት መብት የለዎትም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች በኤፍዲኤ ድረ ገጽ ላይ እንደሚወጡም ይወቁ፤ ስለዚህ ወሬውን ደንበኞችዎ ከሌላ ከመስማታቸው በፊት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።

ራሱን ስቶ ስለወደቀው ደንበኛ የሰሙት ነገር ከወንጀሉ የተለየ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ ሕግ እንደታሸገ ተረክቦ እንደታሸገ የሸጠ ነጋዴ፣ ጉድለቱን ካላወቀና በተገቢው ጥንቃቄ ሊያውቀው የማይችል ከነበረ፣ በዕቃው ጉድለት ከሚመጣ የካሣ ክስ የሚከላከልበት ድንጋጌ አለ። ድንጋጌው ግን ተጎጂው አምራቹን ማወቅ ካልቻለ ወይም ፍርዱን በአምራቹ ላይ ማስፈጸም የማይቻል ከሆነ አይሠራም፤ ሻጩ በግልጽ ዋስትና ሰጥቶ ከሆነም እንዲሁ። እዚህም የአከፋፋዩንና የአምራቹን ማንነት ማወቅ ወሳኝ ነው። ለደንበኞች «ንጹሕ ማር ነው፣ ምንም አያደርግህም» ብለው ያውቁ ከሆነ ለጠበቃዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። ክሱ በመደበኛው ደንብ ጉዳቱ ከደረሰ ወይም ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ሊቀርብ ይችላልና፣ እስካሁን ማንም አልመጣም ብለው አይዘናጉ። የሱቁ መድን ካለዎት ለድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ብዙ ውሎች ዘግይቶ የቀረበን ማስታወቂያ ምክንያት አድርገው ካሣ ይከለክላሉ። ሰውዬውን ያውቁት ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ያንን ማር መብላቱን ለሐኪሙ እንዲናገር አስነግሩት። ይህን መናገር ጥፋትን ማመን አይደለም፤ በሱቅዎ በኩል ለተጎዳ ሰው የሚገባ ነው።

ስለ ዜግነት ማመልከቻዎ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ክስ አይደለም፣ እስራትም አይደለም፣ ፍርድም አይደለም። በራሱ ማመልከቻውን አያበላሽም። አደጋ የሚመጣው ነገሩ ወደ ክስ ሄዶ «ትንሽ መቀጮ ከፍዬ ልገላገል» በሚል የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ጥፋተኛ ነኝ ቢሉ ነው፤ ማጭበርበር ያለበት ጥፋት በመልካም ሥነ ምግባር መመዘኛው ላይ የሚመዝነው ባለማወቅ ከተፈጸመው እጅግ በከበደ ሁኔታ ነው። በቃለ መጠይቁም የሚጠየቁትን በትክክል ይመልሱ።

የከረሜላው ቀለም ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ እንቅልፍም ሊያሳጣዎት አይገባም። የፌዴራሉ ሕግ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የታየን ማቅለሚያ በምግብ ውስጥ መፍቀድን ይከለክላል። ሬድ 3፣ ኤሪትሮሲን ተብሎም የሚጻፈው፣ በወንድ አይጦች ላይ ይህ ስለታየበት ለመዋቢያ መዋሉ በ1990 ተከለከለ፤ በምግብና በሚዋጥ መድኃኒት ውስጥ የነበረው ፈቃድ ግን የተሰረዘው በጃንዋሪ 2025 ነው። ኤፍዲኤ ራሱ በአይጦቹ ላይ የታየው ሂደት በሰው ላይ እንደማይከሰት ገልጾ፣ ፈቃዱን የሰረዘው ሕጉ ስለሚያስገድደው መሆኑን ተናግሯል። የምግብ አምራቾች እስከ ጃንዋሪ 15 ቀን 2027፣ የመድኃኒት አምራቾች እስከ ጃንዋሪ 18 ቀን 2028 ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ ከቀነ ገደቡ በፊት የተመረተው ከዚያ በኋላም መደርደሪያ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከረሜላውን አሁን መጣል አይጠበቅብዎትም። ወደፊት የሚያዙትን ግን ከጀርባው ያለውን ዝርዝር እያነበቡ ይምረጡ።

የ15ቱ የሥራ ቀናት ቆጠራ የሚጀምረው ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን ነው፤ ፖስታውን ከነማኅተሙ ይያዙት። ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ ከሚቀጥለው ሳምንት ሳያልፍ የምግብና የመድኃኒት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዙ። እስከዚያው በሱቁ በር ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ሰዎች ሊያነቡት በሚችሉት መጠን፣ ይህን ይለጥፉ፦ «በወርቃማ ወረቀት የታሸገውን የወንዶች ማር ከዚህ ሱቅ የገዛችሁ ደንበኞች ሆይ፣ በውስጡ ያልተገለጸ መድኃኒት መገኘቱን መንግሥት ስላሳወቀን እንዳትበሉት እናሳስባለን። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነና ከበላችሁት፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የቀራችሁን አምጡና ገንዘባችሁን እንመልሳለን።» የሚመለሰውን እያንዳንዱን እሽግ ቀኑን ጽፈው በዚያው በታሸገው ሣጥን አጠገብ ለብቻው ያኑሩት።